ሃያ ሁለት ቀን በአራዳ

ፒያሳ እንላለን። ከአራት ኪሎ ተነስተን፣ የራስ መኰንንን ድልድይ ተሻግረን፣ ማኪያቶ ጠጥተን እንመለሳለን እንጂ ስሙ ከየት መጣ ብለን ብዙም አንጠያየቅም። አያቶቻችን የሚያውቁት አራዳን ነው፤ በጊዮርጊስ አጠገብ ሐበሻው፣ አርመኑ፣ ግሪኩና ህንዱ ጎን ለጎን የነገደበትን ገበያ። ፒያሳ የሚለው ስም የጣልያን ነው። ዛሬ የምናነሳው ግን ስሙን ሳይሆን ከወረራው ጋር ወደዚህ ከተማ የገባውን አንድ የሕግ ሰው ነው።

አስቀድመን ስለ ሕግ ጥቂት እንበል። በድሮው ገበያ ሁለት ሰዎች ቢጣሉና አንዱ «በሕግ አምላክ!» ካለ ሌላው ባለበት ይቆማል። ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው፣ ተቆራኝተው ዳኛ ፍለጋ ይሄዳሉ። በሕግ አምላክ ሲባል ወራጅ ውሃ እንኳ ይቆማል የተባለው ለዚህ ነው። በቃሉ ውስጥ ያለው እምነት ግልጽ ነው፤ ሕግ ከጉልበተኛው በላይ ነው።

ታዲያ ጁሴፔ ቦታይ ማን ነበር? እ.ኤ.አ. በ1895 ሮም ተወለደ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመተ፤ ሲመለስ በሮም ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጥንቶ በ1921 ተመረቀ። ችሎት ፊት ከመቆም ይልቅ ጋዜጠኝነትና ፖለቲካ ሳበው። ከመጀመሪያዎቹ የሮም ፋሽስቶች አንዱ ሆነ፤ በ1923 የፋሽስቶችን የሐሳብ መጽሔት አቋቋመ፤ ሚኒስትር ሆነ፤ በ1935 የሮም ከተማ ገዥ ሆኖ ተሾመ። ከዚያ በሻለቃ ማዕረግ ወደ አገራችን ዘመተ።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ወጡ። ከተማው ተዘረፈ፤ የአራዳ ሱቆች ነደዱ። ሚያዝያ 27 ቀን የባዶልዮ ጦር ገባ። ቦታይም አብሮ ገባና የከተማው ገዥ ተባለ። ከሁለት ቀን በፊት ሙሶሊኒ «ወጣት ኢትዮጵያውያን» የሚባሉት የተማሩ ልጆች በቀጥታ እንዲረሸኑ በቴሌግራም አዝዞ ነበር። በዘረፋ የተጠረጠረም በጥይት ይደበደብ ነበር። ትእዛዙን የጻፈው ቦታይ አይደለም፤ ጠመንጃውም በጦሩ እጅ ነበር። ይሁን እንጂ ሰው ያለ ችሎት በሚገደልበት ከተማ የገዥነቱን ወንበር የያዘው የሕግ ምሩቅ እሱ ነው። በዚያ ወር በአራዳ «በሕግ አምላክ!» ብሎ የጮኸ ሰው ቢኖር ማን ይቆምለት ነበር?

ግዛቱ የቆየው ግንቦት 19 ቀን ድረስ፣ ሃያ ሁለት ቀን ብቻ ነው። አጭር ነው፣ ይለፈው ልንል እንችላለን። ነገር ግን ወደ ሮም የተመለሰው ሰው በዚያው ዓመት መጨረሻ የትምህርት ሚኒስትር ሆነ፤ እስከ 1943 እ.ኤ.አ. ድረስም በዚያው ወንበር ቆየ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ በደም ስትታጠብ፣ ጊዮርጊስ ሲቃጠል፣ እሱ የዚያ መንግሥት ሚኒስትር ነበር። በሚያዝያ ወር ጣልያናዊ ከሐበሻ ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር ከአንድ እስከ አምስት ዓመት የሚያሳስር ሕግ ወጣ። የአራዳም ገበያ ወደ ምዕራብ እንዲሄድ ተደረገ፤ መርካቶ የምንለው ከዚህ መጣ። በ1938 እ.ኤ.አ. ቦታይ ራሱ የአይሁድ መምህራንና ተማሪዎችን ከጣልያን ትምህርት ቤቶች አስወጣ። ይኼ ሁሉ የሆነው በዱላ ብቻ አይደለም፤ በአንቀጽ፣ በቁጥርና በማኅተም ነው።

ይብስ የሚገርመው ሌላ ነው። በ1939 እ.ኤ.አ. በቦታይ ስም የሚጠራው የጣልያን የቅርስ ጥበቃ ሕግ ወጣ፤ ለአሠርት ዓመታትም ሠራ፣ ባለሙያዎች ያመሰግኑታል። በዚያን ጊዜ የአክሱም ሐውልት ሮም አደባባይ ላይ ከተተከለ ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። የምኒልክ ሐውልትም ከጊዮርጊስ ፊት ለፊት ከወረደ ቆይቷል። ያው አገር ያው መንግሥት፤ የራሱን ቅርስ በሕግ ይጠብቃል፣ የእኛን በሕግ አልባነት ይነቅላል።

በመጨረሻ ቦታይ በሐምሌ 1943 እ.ኤ.አ. በሙሶሊኒ ላይ ድምፁን ሰጠ። ለዚህ ፋሽስቶች በሌለበት ሞት ፈረዱበት። ስሙን ለውጦ በፈረንሳይ የውጭ ሌጌዎን ተቀጥሮ ጀርመኖችን ተዋጋ። ከጦርነቱ በኋላ የአገሩ ፍርድ ቤት ፋሽዝምን በማገዙ የዕድሜ ልክ እስራት ፈረደበት፤ በ1947 ምሕረት አገኘ፤ በ1959 ሮም ሞተ። ሁለት ጊዜ ተፈረደበት፤ ከሁለቱ አንዱም ስለ አዲስ አበባ አልነበረም።

እኛ «ተምሯልና ክፉ አያደርግም» እየተባልን አድገናል። የቦታይ ሕይወት ይህን አባባል ያፈርሰዋል። መጽሔት ያቋቋመ፣ ሥነ ጥበብ የሚወድ፣ ሕግ የተማረ ሰው ነበር። የጎደለው ዕውቀት አይደለም፤ ሕግ ለሌላውም ሰው ነው የሚለው እምነት ነው እንጂ።

በ2016 ዓ.ም. ከአሮጌው ፒያሳ ብዙ ቤት ፈርሷል፤ በምኒልክ ሐውልት አጠገብም የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተከፍቷል። ስሙ ግን በአፋችን ቀርቷል፤ ይቅር ብለን አንከራከርም። የምንለው አንድ ነው፤ አዲስ አንቀጽ በተነበበልን ቁጥር እንጠይቅ፦ በጣም ደካማው ሰው በዚህ ሕግ ፊት «በሕግ አምላክ!» ቢል፣ ጉልበተኛው ይቆማል ወይ?