የላስታ ሰዎች ምን ዲስክ ይገዙ ነበር?

ኮምፒዩተር የሚወድ ጓደኛ ያለው ሁሉ ይህን ክርክር ያውቀዋል። አንዱ «ሀርድ ዲስክ ርካሽ ነው፣ ብዙ ይይዛል» ይላል። ሌላው «ኤስኤስዲ ግዛ፣ ፈጣን ነው» ብሎ ይሟገታል። ሦስተኛው ደግሞ «ኢንተርኔት ላይ ስቀለውና ተገላገል» ይላል። ቡናው ይቀዘቅዛል፣ ክርክሩ ግን አይበርድም። እኛም ዛሬ እዚሁ ክርክር ውስጥ ልንገባ ነው፤ የምንገባው ግን በላሊበላ በኩል ነው። «ምን ላይ ላስቀምጠው?» የሚለውን ጥያቄ የላስታ ሰዎች ኮምፒዩተር ከመፈልሰፉ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ጠይቀውታል። (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ምርጫ ብራና ነበር። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ በእንጨት ላይ ይወጠራል፤ ሥጋውና ጸጉሩ እስኪለቅ ይፋቃል። ጸሐፊው በወስፌ መስመር ያሰምራል፤ ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸት፣ ብዕሩን ከመቃ ያዘጋጃል። አንድ ትልቅ ወንጌል የብዙ እንስሳት ቆዳ ይጨርሳል። ያንኑ ወንጌል ዛሬ በጽሑፍ ፋይል ብናስቀምጠው፣ በስልካችን የምናነሳትን አንዲት ፎቶ ያህል እንኳ ቦታ አይወስድም። በሜጋባይት ሒሳብ ካየነው እንግዲህ ከብራና የባሰ ውድ ዕቃ የለም።

ታዲያ ለምን መረጡት? አንደኛ፣ ስለሚቆይ። ትግራይ ውስጥ ያሉት የአባ ገሪማ ወንጌሎች በካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ የተዘጋጁ መሆናቸው ታውቋል። ከሺህ ዓመት በላይ መሆኑ ነው! ሁለተኛ፣ ለማንበብ ሌላ ዕቃ አይፈልግም። ገመድ የለ፣ ሶኬት የለ፣ ሶፍትዌር የለ። ዓይን፣ ብርሃንና ግዕዝ የሚያውቅ ሰው ይበቃዋል።

ማሸጊያውንም አልረሱትም። መጽሐፉ በእንጨት ገበታ ይደጎስና «ማኅደር» በተባለ የቆዳ ኮረጆ ገብቶ፣ ከመሬት እርጥበት ርቆ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ቃሉን አስተዋላችሁት? የኮምፒዩተሩን ሜሞሪ ዛሬ «ማህደረ ትውስታ» ስንለው፣ ያንን የቆዳ ኮረጆ ነው ሳናውቀው የምንጠራው።

ግን ብራናም ይሞታል። እሳት አለ፣ አይጥ አለ፣ የጣሪያ ፍሳሽ አለ፣ ሌባ አለ። የቀድሞዎቹ ሊቃውንት ለዚህ የነበራቸው መድኃኒት አንድ ነው፤ መገልበጥ። ገድለ ላሊበላን የመሰሉ መጻሕፍት እኛ ዘንድ የደረሱት አንዱ ቅጂ ሳያረጅ ሌላው ስለተጻፈ ነው።

ሁሉን አንድ ቦታ ማከማቸት ምን እንደሚያመጣ ከላስታ በስተደቡብ ያለችው መቅደላ ትመስክር። አፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ጭምር የሰበሰቧቸውን መጻሕፍት እዚያ አምባ ላይ አከማችተው ነበር። በሚያዝያ 1868 እንግሊዞች አምባውን ሲይዙ ስብስቡ በአንድ ጊዜ ተበተነ። ወደ 350 የሚጠጉት ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። በ1872 አፄ ዮሐንስ 4ኛ ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው ወደ እንግሊዝ ጻፉ፤ መጽሐፉም ተመለሰ። ልብ በሉ፤ ከመቅደላ ለንደን የገባው የክብረ ነገሥት ቅጂ ሁለት ነበር። አንዱ እዚያው ቀርቶ ነው አንዱ የመጣው።

ከመቶ ዓመት በኋላ ሁለተኛው ምርጫ መጣ፤ ፊልም። በ1973 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከአሜሪካው ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲና በሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ከሚገኘው የሂል የብራና ቤተ መጻሕፍት ጋር ሆና መጻሕፍቱን በማይክሮፊልም ማስነሳት ጀመረች። በዓመቱ አብዮት ፈነዳ፤ ሥራው ግን ቀጠለ። በመጨረሻ ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍት ተነሡ፤ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍትም ከእነዚህ ውስጥ አሉ። በ1975 በጥይት ቆስለው መራመድ የተሳናቸው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በማግስቱ ዓመት ኮሌጅቪል ገብተው፣ ለአሥርት ዓመታት እነዚያን ፊልሞች እያነበቡ ዝርዝራቸውን ሲያዘጋጁ ኖሩ። በ2021 ዐረፉ።

የፊልሙ አቀማመጥ ነው ዋናው ነገር። አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ ቀረ፤ ሌላው ሚኒሶታ ሄደ፤ ብራናው በቤተ ክርስቲያኑ አለ። ፒተር ክሮግ የተባለ አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ ባሳተመው መጽሐፍ ያስፋፋው «3-2-1» የሚባል ሕግ አለ፤ ሦስት ቅጂ ይኑርህ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ ይሁን፣ አንዱ ሩቅ ቦታ ይቀመጥ። እኛ ጋ በ1970ዎቹ የተሠራው ሥራ ቁጭ ይህንኑ ነው።

ሦስተኛው ምርጫ የእኛ ዘመን ነው፤ ዲስክ። እስቲ ወደ ላስታ ይዘነው እንውጣ። በሀርድ ዲስክ ውስጥ አንባቢው ጫፍ ከሚሽከረከረው ሳህን ጋር አይነካካም፤ በቀጭን አየር ላይ ይንሳፈፋል። ክፍተቱ ከጸጉር ውፍረት በብዙ ሺህ እጥፍ ያንሳል። አየሩ ሲሳሳ ጫፉ ወደ ሳህኑ ይጠጋል፤ ከነካው ደግሞ ጨዋታው አበቃ። ስለዚህ ብዙ አምራቾች የተለመደው ሀርድ ዲስክ ከ3,048 ሜትር በላይ እንዳይሠራ ይጽፋሉ። ላሊበላ ከተማ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ችግር የለባትም። ከከተማው በላይ የሚታየው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግን ከ4,200 ሜትር ያልፋል። እዚያ ያለ ገዳም መጻሕፍቱን በላፕቶፕ ሊያነሳ ቢፈልግ ኤስኤስዲ መያዝ አለበት።

«አላልኳችሁም!» ይላል የኤስኤስዲው ወገን። ቆይ ወንድሜ። ኤስኤስዲ መረጃ የሚይዘው በታሰረ የኤሌክትሪክ ሙል ነው፤ ሙሉ ደግሞ ቀስ በቀስ ያመልጣል። ጄዴክ የተባለው የኢንዱስትሪው ደረጃ አውጪ ብዙ ተጽፎበት ዕድሜውን ከጨረሰ የቤት ኤስኤስዲ የሚጠብቀው፣ በ30 ዲግሪ ሙቀት ያለ መብራት አንድ ዓመት እንዲቆይ ብቻ ነው። አዲሱ ከዚህ በላይ ይቆያል፤ ቢሆንም መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ የሚረሳ ዕቃ አይደለም። በ2021 ክረምት ጦርነቱ ላሊበላ ገባ፤ ከተማዋ ዓመቱ ሳያልቅ ከእጅ ወደ እጅ ተመላለሰች፤ መብራትም ለወራት ጠፋ። በእነዚያ ወራት ያለ ሶኬት ሊነበብ የሚችለው ብራናው ነበር።

ኢንተርኔትስ? የኮሌጅቪሉ ቤተ መጻሕፍት ፊልሞቹን በድረ ገጽ ማሳየቱ ትልቅ ውለታ ነው። ግን በጥቅምት 2023 ብሪቲሽ ላይብረሪ በሳይበር ጥቃት ሲመታ፣ በድረ ገጹ ይታዩ የነበሩት የብራና መጻሕፍት ለብዙ ወራት ከዓይን ተሰወሩ። የመቅደላ መጻሕፍትም ጭምር። በ1868 ከአምባው የወጡት፣ በ2023 ከስክሪኑም ወጡ። አንድ በር ብቻ ያለው ቤት እንዲህ ነው።

እና ምን እንግዛ? ለዕለት ሥራ ኤስኤስዲ፣ ለማከማቻ ሀርድ ዲስክ ይሁን፤ ገንዘብ ካነሰ አንድ ትልቅ ከመግዛት ሁለት ትንንሽ መግዛት ይሻላል። አንዱን ቤታችሁ አስቀምጡ፤ ሌላውን ሌላ ከተማ ያለች አክስታችሁ ዘንድ ላኩ። በዓመት አንዴ፣ ለምሳሌ ለእንቁጣጣሽ፣ ከፍታችሁ መነበቡን አረጋግጡ፤ ሲያረጅ ወደ አዲሱ ገልብጡ። የእናታችሁ የሠርግ ፎቶ፣ የአያታችሁ ድምፅ፣ የመመረቂያ ጽሑፋችሁ የሚተርፈው በዲስኩ ስም ወይም በፍጥነቱ አይደለም። የላስታ ጸሐፊ ከቆዳው ጥንካሬ ይልቅ የሚተማመነው ከእሱ ቀጥሎ ብዕር በሚያነሳው ደቀ መዝሙር ነበር። በእናንተ ቤት ቀጥሎ የሚገለብጠው ማን ነው?