ቋጠሮ ይፈታል እንጂ አይሰበርም

በስልክ ቪዲዮ ማጫወቻዎች ማስተካከያ ውስጥ ለ«ሃርድዌር ዲኮዲንግ» «የሃርድዌር ኮድ መስበር» የሚል ትርጉም ብቅ ብሏል፤ ባሕር ዳር ላይም ፊልም በፍላሽ የሚጭኑ ወጣቶች አፍ ውስጥ ገብቷል። ቶሎ ካልታረመ ሊለመድ ነው። ኮድ የሚሰበረው ባለቤቱ የደበቀውን ለማግኘት ነው። ቪዲዮ ውስጥ ግን የተደበቀ ነገር የለም፤ ቦታና ዳታ እንዳይበላ ተጨመቀ እንጂ። አንድ ምስል በሙሉ ይቀመጥና ለተከታዮቹ የተለወጠው ብቻ ይመዘገባል። ጣና ዳር ካሜራ ተተክሎ በተቀረጸ ምስል ላይ ሰማዩና ዛፉ ባሉበት ስለሚቆዩ ጥቂት ቦታ ይበቃቸዋል፤ ፋይሉን የሚያከብደው በየቅጽበቱ የሚለዋወጠው ሞገድ ነው።

ይህን የተጨመቀ ቪዲዮ ለእይታ መመለሱን አንዳንዶች «መተርጎም» ይሉታል። መተርጎም ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ነው፤ ለዚህ አይሆንም። «መተርተር» ይሻል ነበር፤ ግን የተተረተረ ስፌት ይበተናል፣ ቪዲዮው ደግሞ ለእይታ መልክ ይይዛል። እኔ የምሟገትለት «መፍታት» ነው። ግእዙ ፈትሐ ነው፤ ፍትሕም ከዚያው ሥር ወጥቷል። በአማርኛችን ጭነት ይፈታል፣ እስረኛ ይፈታል፣ ሕልም ይፈታል። በዋሸራና በጎንጅ የቅኔ ቤቶች በሚታወቀው ጎጃም ደግሞ ቅኔ ይፈታል፤ ወርቁን ከሰሙ የለየ ሰው ቅኔውን ሰበረው አይባልም። ከሁሉ የሚያስደስተኝ ጥንዱ ነው፤ ስንኝ ይቋጠራልና። እንግዲህ ኢንኮድ ማድረግ መቋጠር፣ ዲኮድ ማድረግ መፍታት፣ ኮዴክም የቋጠሮ ስልት ይባል። ቃሉን ከሩቅ መዋስ ለምን አስፈለገ፤ ገጣሚዎቻችን አዘጋጅተው አቆይተውልናል።

«ሃርድዌር»ና «ሶፍትዌር» ግን እዚህ ቦታ ያሳስታሉ፤ ፕሮግራሙም ቢሆን የሚሠራው በቺፕ ላይ ነው። ልዩነቱ የሚፈታው ማን ነው የሚለው ነው፦ ለዚህ ሥራ ብቻ ተብሎ የተሠራ የቺፑ ክፍል ነው ወይስ ሁሉን የሚሠራው ዋና ፕሮሰሰር በፕሮግራም እየታዘዘ? የመጀመሪያውን «ቋሚ ፈቺ»፣ ሁለተኛውን «ፕሮግራም ፈቺ» እላለሁ። ቋሚው ፈጣን ነው፣ ባትሪም ይቆጥባል፤ ሲሠራ ካወቀው ስልት ውጭ ግን ሌላ አይማርም። ኤምፔግ 2 የተባለውን የቋጠሮ ስልት ብቻ የሚያውቅ አሮጌ ሪሲቨር በሌላ ስልት፣ በኤች.264፣ የተቋጠረ ቻናል ሲመጣበት ምስል የማያወጣው ለዚህ ነው፤ ዲሹን ቢያዞሩት ለውጥ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ኤቪ1 የተባለ ስልት ሌላው ምሳሌ ነው። አፕል የኤቪ1ን ቋሚ ፈቺ ለመጀመሪያ ጊዜ አይፎን ውስጥ ያስገባው በ2023 በአይፎን 15 ፕሮ ነበር። ቋሚ ፈቺ የሌለው ስልክ ይህን ስልት በፕሮግራም ሲፈታ ይሞቃል፣ ባትሪው ቶሎ ይወርዳል፣ አቅሙ ካነሰም ምስሉ ይቆራረጣል።

የተመሰጠረ መልእክትም «ይፈታል» ስለሚባል ይምታታል የሚሉ አሉ። ለዚያኛው ምስጢር መፍታት፣ ለዚህኛው ቪዲዮ መፍታት እንበል፤ ከግሱ ፊት የሚቆመው ስም ይለያቸዋል። ማስተካከያው ላይ «በቋሚ ፈቺ አጫውት» ተብሎ ቢጻፍ፣ ፊልሙ አልታይ ያለው ሰው ያንን አጥፍቶ ፕሮግራም ፈቺውን መሞከር እንደሚችል ከቃሉ ይረዳል።