ባለሀብትነት፣ ይዞታና ሳይከፈት የቆየው መዝገብ

የንብረት ሕግ ትምህርት የሚጀምር ተማሪ ዘወትር ወደ ፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1204 ይመራል። በዚህ ቁጥር መሠረት ባለሀብትነት ግዙፍነት ባለው ነገር ላይ ሊገኝ ከሚችለው መብት ሁሉ የሰፋው ነው፤ ባለሀብቱ በነገሩ ይገለገልበታል፣ ፍሬውን ይሰበስባል፣ ሲሻም ይሸጠዋል ወይም በኑዛዜ ያስተላልፈዋል። ተማሪው ወደ ኋላ ተመልሶ ቁጥር 1140ን ሲመለከት ደግሞ ይዞታ ማለት አንድ ሰው በነገሩ ላይ በእውነት ያለው አዛዥነት መሆኑን ይረዳል። ምሳሌው ቀላል ነው፤ በቅሎው የተሰረቀበት ሰው ባለሀብትነቱ አልጠፋም፣ በቅሎዋን በእጁ አድርጎ የሚያዝባት ግን ሌባው ነው።

ትርጓሜው ለበቅሎ ይበቃል። ለመሬት ግን በቂ ሆኖ አልተገኘም፤ ምክንያቱም የሚታየው በትርጓሜው ውስጥ ሳይሆን በታሪኩ ውስጥ ነው።

ከሕጉ መውጣት በፊት በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል ርስት ከአንድ አቅኚ አባት በአባትም ሆነ በእናት በኩል የሚወለዱ ሁሉ የሚጠይቁት መብት ነበር። ርስተኛው ከአገሩ ርቆ ብዙ ዘመን ቢቆይም ጥያቄው በቀላሉ አይሞትም፤ ትውልድ ቆጥሮ፣ ሽማግሌ አስመስክሮ ድርሻውን ሊያነሣ ይችላል። ጉልት በአንጻሩ መሬቱን የማረስ ሳይሆን ከመሬቱ ግብር የመቀበል መብት ነበር። ስለዚህ በአንዲት ማሳ ላይ አንዱ ያርሳል፣ ሌላው በርስት ይከራከራል፣ ሦስተኛው በጉልት ግብር ይቀበላል። «መሬቱ የማን ነው?» ለሚል ጥያቄ አንድ ስም ብቻ መልስ ሊሆን አይችልም ነበር። በደቡብ ደግሞ መሬት በቀላድ እየተለካ በተሰጠበት ስፍራ ጭሰኛው የሚያርሰው መሬት በሌላ ሰው ስም የተያዘ ነበር።

በ1946 ዓ.ም. የተቋቋመው የሕግ ማዘጋጃ ኮሚሲዮን ሥራ ሲጀምር የጠበቀው ይህ ሁኔታ ነው። ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ረኔ ዳቪድ ያረቀቁት የፍትሐ ብሔር ሕግ ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸና ሆነ። ቁጥር 3347 በሕጉ በተሸፈኑ ጉዳዮች ላይ ቀድሞ ይሠራባቸው የነበሩትን የተጻፉና የልማድ ደንቦች፣ በግልጽ ካልተጠበቁ በቀር፣ ሻረ። የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለሀብትነት በውል ወይም በኑዛዜ እንዲተላለፍ ንብረቱ ባለበት ስፍራ መዝገብ ላይ መግባት እንዳለበትም በቁጥር 1185 ተደነገገ። የመዝገቡ አያያዝ በሦስተኛው መጽሐፍ ዐሥረኛ አንቀጽ በዝርዝር ተጽፏል።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ ሳያየው የሚያልፈው ቁጥር አለ። ቁጥር 3363 ይህ የመዝገብ አንቀጽ ቀኑ በትእዛዝ በነጋሪት ጋዜጣ እስኪገለጽ ድረስ እንዳይጸና አገደው፤ እስከዚያውም የማይንቀሳቀስ ንብረት መብት የሚተላለፍበትን ሥርዓት ለልማድ ተወለት። በፊት በር የተሰናበተው ልማድ በጓሮ በር ተመለሰ ማለት ነው። ሕጉ ከሁሉ የሰፋውን መብት ሰጥቶ የሚረጋገጥበትን ዋና መሣሪያ አቆየው። ይህን የአርቃቂውን ቸልተኝነት አድርጎ መቁጠር አይገባም፤ ያልተለካን አገር በአንድ ጀምበር መመዝገብ አይቻልምና። ቢሆንም ሸክሙ በባለጉዳዩ ትከሻ ላይ ወደቀ። ከአስተዳደር ክፍል የባለሀብትነት ምስክር ወረቀት ያገኘ ሰው በቁጥር 1195 ባለሀብት ነው ተብሎ ይገመትለታል፤ ወረቀት የሌለው ገበሬ ግን የቀረው የግብር ደረሰኝና ምስክር ነበር። ቁጥር 1168 ለዐሥራ አምስት ተከታታይ ዓመታት ግብር የከፈለ ባለይዞታ ባለሀብት እንደሚሆን ቢደነግግም፣ በልማድ የቤተ ዘመድ የጋራ ሀብት የሆነውን መሬት ከዚህ ለይቶ ጠብቆታል። የርስት ጥያቄ በሕጉ ገጽ ላይ ስሙ ሳይጠራ ኖረ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የኢትዮጵያ ሕዝብ የጋራ ሀብት ሲያደርግ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ቀን የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን ወደ መንግሥት አዞረ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 የመሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን አጸና፤ ሰው በመሬቱ ላይ የሚገነባው ሕንጻ ግን የራሱ ነው።

ከዚህ በኋላ «ይዞታ» የሚለው ቃል በሁለት ፍቺ ይሠራበታል። የቁጥር 1140 ይዞታ ከመብት በፊት የሚታይ ድርጊት ነው፤ ይዞታው የተነጠቀበት ሰው ማን ባለሀብት እንደ ሆነ ሳይጠየቅ በቁጥር 1149 መሠረት በሁለት ዓመት ውስጥ ይከሳል። የገበሬው የመሬት ይዞታ ግን ሕግ የሰጠው ራሱን የቻለ መብት ነው። ሁለቱ ሲደባለቁ የክሱ አመሠራረትና የይርጋው አቆጣጠር ይዛባሉ፤ መሬቱን የሚያጣውም ቃሉን ያደባለቀው ነገረ ፈጅ ሳይሆን ደንበኛው ነው።

የመዝገቡ ሥራ የተነቃቃው በዚህ በይዞታ ስም ነው። አዋጅ ቁጥር 456/1997 ባልና ሚስት በጋራ የያዙት የገጠር መሬት ደብተር በሁለቱም ስም እንዲዘጋጅ አዘዘ፤ ለከተማውም የይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818/2006 ወጣ። በአማራ ክልል በተሰጠው ደብተር ላይ የባልም የሚስትም ፎቶግራፍ ተለጥፏል። በቀድሞው ዘመን ባሏ የሞተባት ሴት በባሏ ርስት ላይ የምትቆጥረው ትውልድ ስለሌላት የምስክሮችን አፍ ትጠብቅ ነበር። ደብተር ያላት መበለት ግን የባሏ ወንድሞች ክስ ባቀረቡባት ጊዜ አቅኚ አባት እንድትቆጥር አትጠየቅም፤ ደብተሩን ታቀርባለች።