ሳይቤሪያ ገርጂ ላይ

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ነገሩ የሆነው ገርጂ ነው፤ ጋራዡና የጀበና ቡናው አንድ ቆርቆሮ አጥር በሚጋሩበት ሰፈር።

አውቶማቲክ የሆነች አሮጌ ጃፓን ሠራሽ መኪና አለችኝ። ሰሞኑን አመል አውጥታ ነበር። ከቦሌ መድኃኔዓለም ተነስቼ፣ መገናኛን አልፌ ወደ ሲኤምሲ ስዘልቅ፣ መንገዱ ወለል ብሎ ቢከፈትልኝም የመጨረሻውን ማርሽ እምቢ ትላለች። ሞተሩ ይጮኻል፣ እሷ ፈቀቅ አትልም። ቤንዚኑንማ ተዉት። አንድ ቀን ደግሞ ዳሽቦርዱ ላይ ያቺ የምትፈራ ቢጫ የሞተር ምልክት በራች።

መጀመሪያ የሄድኩበት ጋራዥ፣ ስሙ ይቆየንና፣ አንድ ቀልጣፋ ወጣት ስካነሩን ከመሪው ሥር ሰክቶ ኮዱን አነበበልኝ፦ ፒ 0713። የካምቢዮ ዘይት ሙቀት ሴንሰር ይላል፤ መጨረሻው ላይ «ሃይ» የምትል ቃል ተለጥፋለች።

«ወንድሜ፣ ዘይቱ ከልክ በላይ ሞቋል ማለት ነው። ካምቢዮው ተቃጥሏል፤ መውረድ አለበት» አለኝ።

ካምቢዮ ይውረድ የተባለ ሰው ያውቀዋል፤ ጉልበት ይከዳል። ጥር 2016 ላይ መንግሥት በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ፣ ያለችህን አሮጌ መኪና «ትውጣልኝ» ማለት እንደ ድሮው አይቀልም። ሶማሌ ተራ ወርጄ ያገለገለ ካምቢዮ ጠየቅሁ። ደላላው ዋጋውን ሲነግረኝ ዓይን ዓይኔን አላየኝም፤ እሱም አፍሯል መሰለኝ።

ቡና የምታፈላው ልጅ ናት ፊቴን አይታ «ጋሼን ለምን አታሳያቸውም?» ያለችኝ። ጋሼ ከአጥሩ ጥግ፣ በአንድ ቆርቆሮ ጥላ ሥር የሚሠሩ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ናቸው። ታሪኬን እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ የካምቢዮውን ዘይት መለኪያ ዘንግ መዘዙና ጫፉን በጣታቸው አሽተው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ።

«የተቃጠለ ዘይት ይጠቁራል፣ ይሸታል። ይሄ ቀይ ነው። ማነው ተቃጥሏል ያለህ?»

በጨርቅ የጠቀለሉትን ስካነር አወጡ። ኮዱን ከቁም ነገር አልቆጠሩትም፤ ያዩት ሴንሰሩ በዚያች ደቂቃ ለኮምፒውተሩ የሚነግረውን ሙቀት ነው። ስክሪኑ ላይ የወጣው ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ነበር። ቀትር ላይ፣ ገርጂ! እኔ በሸሚዝ ቆሜ ያልበኛል።

«ልጄ፣ መኪናህ እዚህ ቆማለች፣ ካምቢዮህ ሳይቤሪያ ነው» ብለው ሳቁ። (ሴልሺየስ ይሁን ፋራናይት ብላችሁ አትጨነቁ፤ 40 ከዜሮ በታች ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው።)

ወጣቱን ያሳሳተችው ያቺ «ሃይ» ናት። ከፍ ያለው ሙቀቱ ሳይሆን ቮልቱ ነው። ኮምፒውተሩ ወደ ሴንሰሩ 5 ቮልት ይልካል። ሴንሰሩ ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪኩን አጥብቆ ያግዳል፣ ቮልቱ ከፍ ይላል፤ ሲሞቅ ይላላል፣ ቮልቱ ይወርዳል። መስመሩ የተበጠሰ እንደሆነስ? 5 ቮልቱ እንዳለ ይቀራል፤ ኮምፒውተሩም «በረዶ ነው!» ብሎ ይደነግጣል። ዘይቱ በርዷል ብሎ ካመነ ደግሞ እስኪሞቅ ይጠብቃል፤ የመጨረሻውን ማርሽ ይነፍግሃል። የኔዋ አመል ይኸው ነበር።

ግን የተበጠሰው የቱ ጋ ነው? ጋሼ የሴንሰሩን ሶኬት ነቀሉ፤ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ከኮምፒውተሩ የሚመጡትን ሁለት ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ አገናኙ። ቁጥሩ ከበረዶው ተነስቶ ከ150 በላይ ተወረወረ! ስለዚህ ኮምፒውተሩም፣ እስከዚያ ያለው ሽቦም ጤነኛ ነው። ቴስተሩን ወደ ካምቢዮው በሚገባው በኩል ሲያስነኩት ምንም አላነበበም። በሽታው ውስጥ፣ ሴንሰሩ ጋ ነው። መውረድ ያለበትም ካምቢዮው ሳይሆን፣ ከሥሩ ያለው የዘይት ገንዳ ብቻ ነበር።

አዲሱን ሴንሰር ይዤ ስመለስ ጋሼ እንደገዛሁት አልገጠሙትም። «ሳይፈተን ማንም አይቀጠርም» አሉና ከቡናዋ ልጅ አንድ ብርጭቆ የፈላ ውኃ ለመኑ። ሴንሰሩ በእጃቸው ሳለ ቴስተሩ ላይ ሺዎች ኦም ነበር፤ ጫፉን ውኃው ውስጥ ሲነክሩት ቁጥሩ ይወርድ ይወርድና ወደ መቶዎቹ ገባ።

«መቶ ዲግሪ ነው አይደል?» አልኩ፣ አዋቂ መስዬ።

«እዚህ ከፍታ ላይ ውኃ 92 ገደማ ሲደርስ ይፈላል» አሉኝ። ቡና አፍይዋ «ታዲያ ቡናዬ ለዚህ ነው ቶሎ የሚበርደው?» ብላ ከሁለታችንም መልስ አጣች።

ማታ ላይ ሴንሰሩ ተገጥሞ፣ ኮዱን አጥፍተን ወጣን። ጋሼ ስካነሩን ጭናቸው ላይ አድርገው እንደ ኳስ ጨዋታ ያዩታል። ገርጂ ላይ 24 ነበር። ጉርድ ሾላ 47። ሲኤምሲ መንገዱ ሲከፈት ሞተሩ ድምፁን ድንገት ዝቅ አደረገና መኪናዋ ለስለስ ብላ ተዘረጋች። ጋሼ ቀና ሳይሉ «አሁን አዲስ አበባ ገባች» አሉ። ስንመለስ ቡና አፍይዋ ብርጭቆዋን እየፈለገች ነበር፤ ከኋላ ወንበር ላይ ተንከባሎ አገኘነው።