ጥላ የሸፈነው ፊት

እናቴ ካረፈች በኋላ በእጃችን የቀረው የጎልማሳነቷ ምስል አንድ ብቻ ነበር። በ1974 ዓ.ም. ለጥምቀት፣ ኖራ በተቀባ ግድግዳ ፊት ቆማ፣ ነጭ ቀሚሷን ለብሳና ነጠላዋን ተከናንባ የተነሣችው የቀለም ፎቶግራፍ ነው። ነጠላው ያበራል፤ ፊቷ ግን ጠቁሮ ዓይኖቿ እንኳ አይለዩም። ለአርባዋ አጉልቼ ላሳትመው ተነሣሁ።

ጥፋቱ የእናቴ ፊት አልነበረም። የካሜራ ብርሃን መለኪያ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫነት ሊያደርስ የተሠራ ነው፤ ነጭ በበዛበት ስፍራ ብርሃኑ የተትረፈረፈ መስሎት ወደ ፊልሙ የሚገባውን ይቀንሳል። በዚህ ቅናሽ ይበልጥ የሚጎዳው ጠቆር ያለ ፊት ነው። ፊልሙም ቢሆን ገለልተኛ ዳኛ አልነበረም። ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ይልክ በነበረው የቀለም ማስተካከያ ካርድ ላይ የምትታየው ነጭ ሴት ነበረች፤ ካርዱም በቀድሞዋ ሞዴል ስም «ሸርሊ» ተባለ። የሸርሊ ቆዳ ካማረ ቀለሙ ተስተካከለ ማለት ነበር። ካናዳዊቷ ተመራማሪ ሎርና ሮት በ2009 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመችው ጥናት እንደገለጸችው፣ ቡናማ ቀለም በትክክል አይወጣም ብለው ኮዳክን ከወተወቱት መካከል የቸኮላትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ይገኙበታል። የእኛ ፊት ተራ የደረሰው ከቸኮላቱ ጋር ነው።

በ1987 (እ.ኤ.አ.) የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ የነበረው ቶማስ ኖል የጀመረውና ከወንድሙ ከጆን ጋር ያሳደገው ፎቶሾፕ በ1990 ለገበያ ቀረበ። የወንድማማቾቹ አባት በቤታቸው የፎቶ ማጠቢያ ጨለማ ክፍል ነበራቸው። ባለሙያ በጨለማ ክፍል ፊትን በካርቶን ጋርዶ የሚያፈካበት ጥበብ በፕሮግራሙ ውስጥ ሰፍሯል።

እኔም ምስሉን በስካነር አንሥቼ ብርሃኑን በአንድ ጊዜ ከፍ አደረግሁት። ነጠላው ጥለቱ ጠፍቶ ባዶ ወረቀት መሰለ፤ ፊቷም አመድ ለበሰ። አክስቴ አይተው፣ «አንተ ልጅ፣ ይህቺ እህቴ አይደለችም፤ ፈረንጅ አደረግሃት» አሉኝ። አፍሬ እንደገና ጀመርሁ። ነጠላውን ለይቼ ሳልነካው፣ የፊቷን ጥላ ብቻ ቀስ በቀስ አነሣሁት። በመጀመሪያ ዓይኖቿ፣ ቀጥሎ በግንባሯ ያለው ንቅሳት ብቅ አለ። ከግራ ጉንጯ በታች ግን ወረቀቱ የያዘው ምንም አልነበረም።

ሐኪም በኮምፒዩተር የኤክስሬይ ምስል ሲያይ ብርሃኑንና ጥላውን እየለዋወጠ የተሰወረውን ያወጣል እንጂ የሌለ አጥንት አይፈጥርም። ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያንን ጉንጭ በቅጽበት ሊሞላልኝ ይችላል፤ ጉንጩ ግን የእናቴ አይሆንም። ስለዚህ ጨለማውን እንዳለ ተውሁት።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል፤ የሚጠራው ግን ተይዞ የቆየው ነው። በየሻንጣችሁ ጥግ የቀረ ኔጌቲቭ ካለ አትጣሉት፤ ወረቀቱ ያላሳየውን ጉንጭ እሱ ይዞት ይሆናል።