መዝጋቢው ሰውዬ

ወዳጆቼ፣ በተለይ ጀርመንኛ ሥነ ጽሑፍ የምታጠኑ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ስለ አንድ ዳታቤዝ ላውጋችሁ። «ደግሞ ዳታቤዝ ምን ታሪክ አለው?» እንዳትሉኝ። አለው! (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ሃንስ ቪልሄልም ኤፕልስሃይመር በዳርምሽታት የሄሰን ግዛት ቤተ መጻሕፍት ዳይሬክተር ነበር። በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ከሥራው አባረሩት። በዚያው ዓመት በበርሊንና በሌሎች የዩኒቨርሲቲ ከተሞች መጻሕፍት በአደባባይ ተቃጠሉ፤ ብዙ ደራስያንም አገር ጥለው ተሰደዱ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ፍራንክፈርት ውስጥ ማይን ወንዝ ዳር የነበረው የከተማው ቤተ መጻሕፍት በቦምብ ወደመ፤ የተረፈው ባለዓምዱ የፊት መግቢያ ነው።

ጦርነቱ ሲያበቃ ኤፕልስሃይመር ፍራንክፈርት መጣ። የጀርመን መጻሕፍት የሚሰባሰቡበት የላይፕሲክ ቤተ መጻሕፍት በሶቪየት ይዞታ ሥር ወድቆ ስለነበር፣ በ1946 ለምዕራቡ ክፍል ሌላ ፍራንክፈርት ላይ ተቋቋመ። የመጀመሪያው ዳይሬክተር እሱ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ በስደት የተጻፉትን መጻሕፍት ማሰባሰብ ተጀመረ። ናዚዎች ሊያጠፉት የፈለጉትን እሱና ባልደረቦቹ እየለቀሙ መደርደሪያ ላይ መለሱት።

ሌላም ሥራ ነበረው። ከ1945 እስከ 1953 ስለ ጀርመን ሥነ ጽሑፍ የተጻፉ ጥናቶችን መዝግቦ በ1957 አንድ ቅጽ አወጣ። ከሁለተኛው ቅጽ ጀምሮ ክሌመንስ ኮተልቬሽ ተረከበው። ለዚህ ነው ባለሙያዎቹ እስከ ዛሬ በሁለቱ ስም «ኤፕልስሃይመር ኮተልቬሽ» የሚሉት። በኋላ የቋንቋ ጥናትም ተጨመረበት።

ዛሬ ከ1985 ወዲህ ያለው ምዝገባ በኢንተርኔት ይገኛል። ልብ በሉ! ከዚያ በፊት የተጻፈውን እዚያ ፈልጋችሁ ብታጡ «ማንም አልጻፈበትም» ብላችሁ እንዳትደመድሙ። የታተሙትን ቅጾች ግለጡ። ኮምፒውተሩ ዝም ስላለ ታሪኩ የለም ማለት አይደለም።

ፍራንክፈርት ለእኛም እንግዳ አይደለችም። ሂዮብ ሉዶልፍ ከአባ ጎርጎርዮስ የተማረውን ይዞ የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፉን በ1698 ያሳተመው እዚያው ነው። እስቲ እንጠያየቅ፦ ስለ ሐዲስ ዓለማየሁ ወይም ስለ በዓሉ ግርማ የተጻፈውን ጥናት ሁሉ አንድ ቦታ ላግኝ ብሎ የተነሳ ተማሪ ስንት በር ያንኳኳል? የስንቱ መመረቂያ ጽሑፍ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል? ያልተመዘገበ ጥናት እንዳልተጻፈ ይቆጠራል፤ ተከታዩም ሰው ያንኑ ከዜሮ ይጀምራል።

ዝርዝር መሥራት ዝና የለውም፤ አጨብጫቢም የለውም። ግን አገሩ ፈርሶ ሳለ ቁጭ ብሎ የመዘገበ ሰው ስለነበረ፣ ዛሬ የጀርመንኛ ተማሪ መንገዱ ቀሎለታል። እናንተስ የመመረቂያ ጽሑፋችሁ የት ነው ያለው? ርዕሱንና ዓመቱን ከታች ጻፉልኝ፤ ከዚሁ እንጀምር።