የውጫሌ ውል 19ኛው አንቀጽ

ከደሴ ፒያሳ ተነሥቶ በሐይቅ በኩል የወልድያን መንገድ የያዘ ሰው አምባሰል ላይ ውጫሌን ያገኛል። ዳግማዊ ምኒልክና የኢጣሊያው መልእክተኛ ኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም የተዋዋሉት በዚሁ አካባቢ፣ ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ ነው። ውሉን ትምህርት ቤት የገባ ሁሉ በ17ኛው አንቀጽ ያውቀዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣሊያ አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል አማርኛው፤ የኢጣሊያንኛው ግን በኢጣሊያ በኩል ሊላላኩ ተስማምተዋል ይላል። ሮም ይህንኑ ይዛ ከአምስት ወር በኋላ ኢትዮጵያን በጥበቃዋ ሥር እንዳስገባች ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች። የታሪክ ሰዎች አንቶኔሊ አታልሏል ወይስ አላታለለም በሚለው ብዙ ተሟግተዋል። የሕግ ምሁር ግን ምርመራውን መጀመር ያለበት እምብዛም ስሙ ከማይነሣው ከ19ኛው አንቀጽ ነው እላለሁ።

ይህ አንቀጽ ውሉ በአማርኛና በኢጣሊያንኛ መጻፉን፣ ሁለቱ ቅጂዎች ፍጹም እንደሚስማሙና ሁለቱም እኩል ሥልጣን እንዳላቸው ይደነግጋል። እንግዲህ አንዱ ወገን የራሱን ቅጂ ብቻ ይዞ ሌላውን ሊያስገድድ አይችልም። ሁለቱ ቃላት በተለያዩ ጊዜ የሚጸናው ሁለቱም ሊሸከሙት የሚችሉት ትርጉም ነው፤ እሱም ፈቃድ እንጂ ግዴታ አይደለም። ደግሞም አንድ ነጻ መንግሥት ሉዓላዊነቱን አሳልፎ ሰጠ የሚባለው በግልጽ ቃል እንጂ በአንድ ግስ አሻሚነት ሊሆን አይገባም። ምኒልክ ውሉን እንዴት እንደተረዱት ሥራቸው ይመሰክራል፤ በ1882 ዓ.ም ንግሥናቸውን ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያና ለጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ያስታወቁት በቀጥታ በጻፉት ደብዳቤ ነበር።

በሁለት ቋንቋ የተጻፈ ውል እንዴት እንደሚተረጎም የሚወስነው የቪየና ስምምነት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1969 ስለሆነ ወደ ኋላ ተመልሶ አይሠራም የሚል መቃወሚያ ይነሣል። መቃወሚያው ትክክል ነው፤ ነገር ግን እኛ ቪየናን መጥቀስ አያስፈልገንም፣ ተዋዋዮቹ ራሳቸው ደንቡን በ19ኛው አንቀጽ ጽፈውታልና። ከዚህ የሚከብደው፣ ነገሩን የፈታው ዓድዋ ነው እንጂ የሕግ ክርክር አይደለም የሚለው ነው። ዓድዋን ማንም አያሳንሰውም። ሆኖም ምኒልክ ከጦርነቱ ሦስት ዓመት ቀድመው፣ በ1885 ዓ.ም፣ ውሉን ሲያፈርሱ የተጠቀሙበት ውሉ ራሱ የከፈተውን በር ነው፤ 16ኛው አንቀጽ ከአምስት ዓመት በኋላ ማሻሻያ የሚፈልግ ወገን የአንድ ዓመት ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ይል ነበር። ከድሉም በኋላ ቢሆን በጥቅምት 1889 ዓ.ም የአዲስ አበባው ውል የውጫሌን ውል መሻሩንና የኢትዮጵያን ፍጹም ነጻነት በጽሑፍ ማስፈር ግድ ሆኗል። ጦሩ ያሸነፈውን ብዕር ካላጸናው ሌላ መልእክተኛ ሌላ ቅጂ ይዞ ይመጣ ነበር።

የታሪክ ተመራማሪው ስቬን ሩቤንሰን ስለ 17ኛው አንቀጽ ያሳተሙት ጥናት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1964 ሲሆን፣ ጣሊያናዊው ካርሎ ጂሊዮ በዓመቱ መልስ ሰጡበት። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲም የኢትዮጵያ የሕግ መጽሔትን ማሳተም የጀመረው በዚያው በ1964 ነው። መምህራኑ ያኔ በ1949 ዓ.ም የወንጀለኛ መቅጫና በ1952 ዓ.ም የፍትሐ ብሔር ሕጎች ላይ መጠመዳቸው አይፈረድበትም፤ አገሪቱ አዳዲስ ሕጎቿን የሚያብራራላት ያስፈልጋት ነበር። ዛሬ ግን ደሴ ላይ የወሎ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ሕግም ይማሩበታል። የዓለም አቀፍ ሕግ መምህራኑ ተማሪዎቻቸውን ይዘው ይስማ ንጉሥ ይውጡ፤ ሁለቱን ቅጂዎች ጎን ለጎን ዘርግተው ከ19ኛው አንቀጽ ማንበብ ይጀምሩ።